አልባራሲን፦ ስለ አንዲት የስፔን የአምባ ከተማ ታሪክ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አልባራሲን የት ትገኛለች?

አልባራሲን በምሥራቅ ስፔን፣ በአራጎን ክልል፣ ከቴሩኤል ከተማ በስተምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ፣ አንድ ሺህ ያህል ነዋሪዎች ያሏት ትንሽ ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ ገደል በሞላበት አምባ ላይ የተቆረቆረች ስትሆን፣ የጓዳላቪያር ወንዝ አምባውን ዞሮ ሊገጥም ጥቂት ሲቀረው ወደ ምሥራቅ ያመራል። ወንዙ ወደ ታች ሲወርድ ቱሪያ ተብሎ በቫሌንሲያ በኩል ባሕር ይገባል። ወንዙ ያልከበበው ጎን ከተራራ ጋር የተያያዘ ነው፤ በዚያ በኩል ሽቅብ የሚወጣው የድንጋይ ቅጥር የተሠራውም ስለዚሁ ነው። የከተማዋን ታሪክ ለመረዳት ይህን አቀማመጥ በልብ መያዝ ያስፈልጋል፤ ከዚህ በታች የሚነገረው ነገር አብዛኛው ከዚህ ቦታ የመነጨ ነውና።

የባቡር መሥመር ስለማይደርስባት፣ ወደ ስፔን የሚሄድ እንግዳም ግራናዳንና ቶሌዶን አይቶ ስለሚመለስ፣ ከአገሯ ውጭ ስሟን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። በዚህ ገጽ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ስሟ ምን ማለት ነው?

«አልባራሲን» የሚለው ስም «በኑ ራዚን» ማለትም «የራዚን ልጆች» ከሚለው የዐረብኛ መጠሪያ የመጣ ነው። በኑ ራዚኖች ከሰሜን አፍሪካ የበርበር ነገድ የሚወለዱ ቤተሰብ ሲሆኑ፣ ሙስሊሞች ከ711 ጀምሮ የአይቤሪያን ምድር ከያዙ በኋላ በዚህ ተራራማ አገር ሰፍረው የአካባቢው ገዢዎች ሆኑ።

ከዚህ የበለጠ ትኩረት የሚስበው ግን የቀድሞው ስም ነው። ከተማዋ በሙስሊም ገዢዎቿ ዘመን ሳይቀር የምትጠራው በቅድስት ማርያም ስም ነበር። የዐረብ ጸሐፊዎች «ሸንተማሪያ» እያሉ ይጽፉና፣ ዛሬ በፖርቱጋል ፋሮ ከምትባለው፣ ተመሳሳይ ስም ከነበራት የምዕራብ ከተማ ለመለየት «የምሥራቋ ሸንተማሪያ» ወይም «የበኑ ራዚን ሸንተማሪያ» ይሏት ነበር። አንዲት ከተማ በአንድ መጠሪያዋ የማርያምንም የበርበር ቤተሰብንም ስም አብራ መሸከሟ ለእኔ የታሪኳ ሁሉ መክፈቻ ቁልፍ ይመስለኛል። ይህ ስም ከጊዜ በኋላ ፖለቲካዊ ጉልበት እንዳገኘ ከታች እናያለን።

ከሙስሊሞች ዘመን በፊት በአካባቢው ሰው ይኖር ነበር?

አዎን፣ እጅግ ከጥንት ጀምሮ። ከከተማዋ በስተደቡብ በኩል ባለው፣ ሮዴኖ የሚባል ቀይ የአሸዋ ድንጋይ በሞላበት የጥድ ጫካ ውስጥ፣ የቅድመ ታሪክ ሰዎች በአለት ከለላዎች ላይ የሳሏቸው በሬዎች፣ አጋዘኖችና ቀስተኞች ይገኛሉ። በሌሎች የምሥራቅ ስፔን ቦታዎች ሥዕሎቹ በአብዛኛው ቀይ ሲሆኑ፣ እዚህ ግን አለቱ ራሱ ቀይ በመሆኑ ነጭ ቀለም የተጠቀሙ ሠዓሊዎች ነበሩ። ዩኔስኮ እነዚህን ሥዕሎች በ1998 ከሌሎች የሜዲትራኒያን ዳርቻ የአለት ሥዕሎች ጋር በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

ሮማውያንም በዘመናቸው ከጓዳላቪያር ወንዝ ውኃ ጠልፈው ሴያ ወደምትባለው ከተማ የሚወስድ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የውኃ መሥመር ሠርተዋል። አስደናቂነቱ እንደ ሴጎቪያው በቅስት ላይ ቆሞ መታየቱ ሳይሆን፣ ረዘም ባለ ክፍሉ አለት ተፈልፍሎ በመሬት ውስጥ ማለፉ ነው። ዛሬ ጌአ ዴ አልባራሲን በምትባለው መንደር አጠገብ ሰው በእግሩ ሊገባበት የሚችል የዋሻው ክፍል አለ።

የበኑ ራዚን መንግሥት ምን ዓይነት ነበር?

በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኮርዶባ ኸሊፋዎች መንግሥት ሲፈራርስ፣ የሙስሊሙ ስፔን ታይፋ በሚባሉ ብዙ ትንንሽ መንግሥታት ተከፋፈለ። በኑ ራዚኖችም የተራራ አምባቸውን ይዘው የራሳቸውን መንግሥት አቆሙ። ከሴቪያ ወይም ከሳራጎሳ ጋር ሲነጻጸር ይህ መንግሥት ግዛቱ ጠባብ፣ ሕዝቡም ጥቂት ነበር፤ ነገር ግን ከቫሌንሲያ ወደ መካከለኛው ስፔን የሚወጣውን መንገድ አጠገብ ሆኖ ስለሚጠብቅ ማንም ሊንቀው አልቻለም። ከገዢዎቹ መካከል አብድ አል-መሊክ ኢብን ሁዘይል ከግማሽ ክፍለ ዘመን በላይ የገዛ ሲሆን፣ ግጥም በመግጠምም ይታወቅ ነበር።

ስፔናውያን በጀግንነቱ የሚዘክሩት ኤል ሲድ፣ ማለትም ሮድሪጎ ዲያስ ዴ ቪባር፣ ወደ ታሪኩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አብድ አል-መሊክ ለኤል ሲድ ግብር ለመክፈል ተስማምቶ ነበር። ነገር ግን ኤል ሲድ ቫሌንሲያን ለመያዝ በሚዘጋጅበት ጊዜ የአልባራሲኑ ገዢ በስተጀርባው ከአራጎን ንጉሥ ጋር መዋዋሉን ሰማና፣ በ1093 መጥቶ የግዛቱን አዝመራና ከብት ዘረፈ። በዚሁ ዘመቻ ጊዜ በአልባራሲን አቅራቢያ በተነሣ ድንገተኛ ግጭት ኤል ሲድ አንገቱ ላይ በጦር ክፉኛ ቆስሎ ለጥቂት ከሞት ተረፈ። አዝመራው ቢወድምም አምባዋ ግን አልተያዘችም። የበኑ ራዚን አገዛዝ ያበቃው በ1104፣ ከሞሮኮ የመጡት፣ አልሞራቪዶች የሚባሉት ሙስሊም ገዢዎች የመጨረሻውን ገዢ ያህያን ባወረዱት ጊዜ ነው።

ያለ ጦርነት በክርስቲያኖች እጅ የገባችው እንዴት ነው?

ብዙ ሰው የሚገረመው በዚህ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሙርሲያንና ቫሌንሲያን ይገዛ የነበረው ሙስሊም ንጉሥ ኢብን መርደኒሽ፣ ክርስቲያኖች «ንጉሥ ተኩላ» የሚሉት፣ ከሰሜን አፍሪካ የተነሡትን፣ አልሞሃዶች የሚባሉትን ሌሎች ሙስሊም ገዢዎች ለመመከት ብዙ ክርስቲያን ወታደሮችን በደመወዝ አሰልፎ ነበር። ከነዚህ አንዱ የናቫራው መኳንንት ፔድሮ ሩይስ ዴ አሳግራ ነው። ኢብን መርደኒሽ በ1170 ገደማ አልባራሲንን ለዚህ ሰው ሰጠው፤ በተለምዶም ስጦታው የአገልግሎቱ ዋጋ እንደነበረ ይነገራል። ስለዚህ አምባዋ ከሙስሊም ወደ ክርስቲያን ጌታ የተላለፈችው በከበባና በደም ሳይሆን፣ በወዳጅነትና በጥቅም ላይ በተመሠረተ ስምምነት ነው። የስፔንን የመካከለኛ ዘመን ታሪክ መስቀልና ጨረቃ ብቻ የተጋጩበት አድርጎ የሚያስብ አንባቢ ይህን አንድ ጉዳይ በጥሞና ሊመረምረው ይገባል።

የአሳግራ ችግር የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። የአራጎኑ ንጉሥ አልፎንሶ 2ኛ በ1171 ቴሩኤልን መሥርቶ ጎረቤቱ ሆነ። በምዕራብ በኩል የካስቲያ ንጉሥ ነበር። ደጋፊው ኢብን መርደኒሽም በ1172 ሞተ፤ ግዛቱም ወደ አልሞሃዶች ዞረ። በሦስት ኃይሎች መካከል የቀረ ትንሽ ባለግዛት ለአንዱ ገብሮ በጥላው ሥር መጠለል የተለመደ ነገር ነበር። ፔድሮ ሩይስ ግን ለሁለቱም ነገሥታት ላለመገዛት ወስኖ ራሱን «የቅድስት ማርያም ሎሌ፣ የአልባራሲን ጌታ» ብሎ ሰየመ።

ይህ አባባል እምነትን ብቻ የሚገልጽ እንዳልነበር ልብ ማለት ያስፈልጋል። በዘመኑ ሥርዓት ጌታ የሌለው ባላባት ሕጋዊ ቦታ አልነበረውም፤ ስለዚህ ፔድሮ ሩይስ ከነገሥታቱ በላይ የሆነች፣ ግብር የማትጠይቅ፣ ጦር ይዘህ ውጣ የማትል እመቤት መረጠ። የምርጫው ብልኃት ደግሞ ከተማዋ ከቀድሞ ጀምሮ በማርያም ስም የምትጠራ በመሆኗ ላይ ነው። ሙስሊሞቹ ያቆዩት ስም ለክርስቲያኑ ጌታ የነጻነት ሰነድ ሆነለት።

ይህን ያህል ትንሽ ከተማ ጳጳስ ሊኖራት የቻለው ለምንድን ነው?

ምክንያቱ ከላይ ካለው ጋር የተያያዘ ነው። ፔድሮ ሩይስ ቤተ ክርስቲያኑን ለአራጎኑ የሳራጎሳ ጳጳስ ቢሰጥ ኖሮ፣ ንጉሡ በዚያ በኩል እጁን ያስገባ ነበር። ስለዚህ በ1172 ለቶሌዶ ሊቀ ጳጳስ የሚታዘዝ የራሷ መንበረ ጵጵስና ተቋቋመላት። አዲስ መንበር ከባዶ ተነሥቶ ማቋቋም አስቸጋሪ ስለነበር፣ በጥንት ዘመን የነበረና የጠፋ መንበር እንደታደሰ መደረግ ነበረበት። በመጨረሻ የተያዘው የሴጎብሪጋ ስም ነው፤ እውነተኛዋ ሴጎብሪጋ ግን ዛሬ በኩዌንካ አውራጃ ፍርስራሿ የሚታይ ሌላ ከተማ መሆኗ ከጊዜ በኋላ ታውቋል። መንበሩ በኋላ ሴጎርቤ ከምትባል ሌላ ከተማ መንበር ጋር ተዋሐደ፤ በ1577 እንደገና ተለየ። ዛሬ የአካባቢው ሀገረ ስብከት «የቴሩኤልና የአልባራሲን» ተብሎ ሁለቱንም ስሞች ይዞ ይጠራል።

የአራጎን ንጉሥ ጃይሜ 1ኛ በእርግጥ እዚህ ተሸንፎ ተመልሷል?

አዎን። በኋላ ማዮርካንና ቫሌንሲያን በመያዙ «ድል አድራጊው» የተባለው ጃይሜ በ1220 አልባራሲንን ሲከብ ገና የ12 ዓመት ልጅ ነበር። የጠቡ መነሻ የአሳግራ ቤተሰብ ሦስተኛው ጌታ ፔድሮ ፈርናንዴስ፣ ከንጉሡ የከዳ አንድ መኳንንት ተቀብሎ ማስጠለሉ ነው። ጃይሜ በስሙ በሚታወቀው ዜና መዋዕል ላይ እንደሚተርከው፣ ከበባው የከሸፈው በአምባዋ ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን፣ ከራሱ ጋር የተሰለፉት መኳንንት በምሥጢር ከከተማዋ ሰዎች ጋር ይላላኩ ስለነበረ ጭምር ነው። የተከበቡት በሌሊት ወጥተው የንጉሡን የድንጋይ መወርወሪያ መሣሪያ አጠቁ፤ የሚጠብቁትንም ታማኝ መኳንንት ሲገድሉ ከሰፈሩ የደረሰላቸው አልነበረም። ወጣቱ ንጉሥም ከበባውን ፈትቶ ሄደ።

ሁለቱ በኋላ ታርቀው ፔድሮ ፈርናንዴስ በቫሌንሲያ ዘመቻ ከንጉሡ ጎን ተሰልፏል። እንዲህ ያለው ነገር በዚያ ዘመን እንግዳ አልነበረም።

ነጻነቷ መቼ አበቃ?

የአሳግራ ቤት የወንድ ወራሽ ሲያጣ፣ ወራሿ ቴሬሳ አልባሬስ ኃያል ከሆነው የካስቲያ የላራ ቤተሰብ ጁዋን ኑኜስን አገባች። አምባዋ በዚህ ጋብቻ ምክንያት የሩቅ ነገሥታት ጠብ ውስጥ ገባች፤ ጁዋን ኑኜስ ከአራጎን ጠላት ከፈረንሳይ ንጉሥ ጋር ወግኖ ነበርና። የጃይሜ ልጅ ፔድሮ 3ኛ በ1284 ከተማዋን ለወራት ከብቦ፣ ስንቅ አስጨርሶ ያዛት። አባቱ በጉልበት ያልቻለውን ልጁ በረሃብ ቻለው። ከዚያ በኋላ ጥቂት ውጣ ውረድ ቢኖርም፣ በ1300 በጃይሜ 2ኛ ዘመን ሙሉ በሙሉ የአራጎን ዘውድ ግዛት ሆነች።

ዘውዱ ሲወስዳት ግን ፉዌሮ የሚባለውን የራሷን ሕግ አልነጠቃትም። ከቴሩኤል ሕግ ጋር የሚዛመደው ይህ ሕግ ዳኞችን ስለመምረጥ፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ውኃና ስለ ገበያ ይደነግጋል፤ ነዋሪውም ለሦስት ክፍለ ዘመን ያህል በዚሁ ተዳደረ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነገሩ ተገለበጠ። ከተማዋ ከአራጎን አጠቃላይ ሕግ ውጭ ስለነበረች፣ የንጉሥ ሹማምንት ግፍ ሲፈጽሙ ነዋሪው ለአራጎን ታላቁ ዳኛ አቤት ሲል «አንተ በዚህ ሕግ ሥር አይደለህም» ይባል ጀመር። በቀድሞ ዘመን ከነገሥታት የሚከልል የነበረ አጥር ሰውን ለንጉሥ አሳልፎ የሚሰጥ ሆነ። ለረጅም ዓመታት ከተካሄደ መራራ ክርክር በኋላ፣ በ1598 ከቴሩኤል ጋር የራሷን ሕግ ትታ በአራጎን ሕግ ተጠቃለለች።

ሕዝቡ የሚተዳደረው በምን ነበር?

በዋነኛነት በበግ ነው። አካባቢው ደጋና ብርዳም ስለሆነ እርሻው ደካማ ነው፤ የበጋው ግጦሽ ግን እጅግ መልካም ነው። ስለዚህ እረኞቹ በበጋ በተራራው ላይ ቆይተው፣ ክረምቱ ሲገባ መንጋቸውን እየነዱ ሞቃት ወደሆኑት የቫሌንሲያና የሲየራ ሞሬና ቆላዎች ይወርዱ ነበር። ይህ ልማድ በአካባቢው መንደሮች እስከ ቅርብ ጊዜ ያልተቋረጠ ሲሆን፣ ስለ እርሱ የሚያስረዳ ሙዚየምም ጓዳላቪያር በምትባለው መንደር አለ። የበጎቹ ፀጉር በቫሌንሲያ ወደብ በኩል እስከ ጣሊያን ይሸጥ ነበር፤ ዛሬ በከተማዋ የሚታዩትን ባለ ጋሻ ምልክት የመኳንንት ቤቶች ያሠራው በአመዛኙ የዚህ ንግድ ገንዘብ ነው።

ሰፊው ጫካና ግጦሽ ደግሞ የግለሰብ ርስት ሳይሆን የከተማዋና የአካባቢዋ መንደሮች የጋራ ንብረት ነው። ይህ የመካከለኛው ዘመን የጋራ ይዞታ እስከ ዛሬ በሥራ ላይ መሆኑ በእኔ ግምት ከቅጥሩም ከካቴድራሉም የማያንስ ቅርስ ነው፤ መንገደኛ ግን ፎቶግራፍ ሊያነሣው ስለማይችል ሳያየው ያልፋል።

ሙስሊሞቹና አይሁዶቹ የት ደረሱ?

ክርስቲያን ጌቶች ከገቡ በኋላም ሁለቱም ማኅበረሰቦች ለክፍለ ዘመናት በከተማዋና በአካባቢዋ ኖረዋል። አይሁዶች በ1486 ኢንኩዊዚሲዮን በሚባለው የቤተ ክርስቲያን የሃይማኖት መርማሪ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ከዚህ ሀገረ ስብከት እንዲወጡ ታዘዘ፤ በ1492 ደግሞ ከመላ ስፔን ተባረሩ። ወደ ክርስትና እንዲገቡ የተገደዱት የሙስሊም ዘሮች፣ ሞሪስኮዎቹ፣ በጎረቤቷ በጌአ ብዙኃን ነበሩ፤ እነርሱም በ1610 ከአራጎን ሁሉ ሲባረሩ ከቀያቸው ተነቀሉ። በሙስሊም ቤተሰብ ስም በምትጠራ አገር የዚያ ሕዝብ የመጨረሻ ልጆች በግድ መሰደዳቸው ከታሪኳ ሁሉ አሳዛኙ ክፍል ነው፤ ከተማዋን በውበቷ ብቻ የሚያወድስ ጽሑፍም ይህን ሊዘልለው አይገባም።

ቤቶቿ ለምን ቀይ ናቸው? ለምንስ ወደ መንገዱ ያዘነብላሉ?

ቀለሙ ቀለም ተቀብቶ የመጣ አይደለም። የአካባቢው ጀሶ ከቀይ አፈር ጋር ተቀላቅሎ ስለሚገኝ፣ ተቃጥሎና ተፈጭቶ ግድግዳ ሲለሰንበት ከሮዝ እስከ ጡብ መልክ ያለው ቀይ ይሰጣል። የቤቶቹ የታችኛው ደርብ ድንጋይ ነው፤ በላዩ ያሉት ደርቦች ግን የእንጨት ማዕቀፍ ሆነው በጀሶ የተሞሉ ስለሆኑ ቀላል ናቸው። በአምባው ላይ ለመሠረት የሚሆን ቦታ ጠባብ ስለሆነ፣ ግንበኞቹ እያንዳንዱን ደርብ ከሥሩ ካለው ትንሽ ወጣ እያደረጉ ሠሩ፤ በአንዳንድ መንገድ ላይ የፊት ለፊት ቤቶች የጣሪያ ክፈፎች ሊነካኩ ምንም አይቀራቸውም። የብዙ በሮች ማንኳኪያ በዘንዶ ወይም በእንሽላሊት ቅርጽ የተሠራ ብረት ነው። ላ ኹሊያኔታ የሚባለው ቤት ደግሞ በሁለት መንገዶች መካከል በተረፈች ጠባብ ቦታ ላይ ተጣብቆ፣ አንድም ቀጥ ያለ መስመር ሳይኖረው ለክፍለ ዘመናት ቆሟል።

ይህ ሁሉ ሳይፈርስ የቆየው እንዴት ነው?

መጀመሪያ ያቆየው ድህነት ነው። የበግ ፀጉር ንግድ ከተዳከመ በኋላ አሮጌውን አፍርሶ አዲስ የሚሠራበት ገንዘብ ያለው ሰው አልነበረም። በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በጁላይ 1937፣ የሪፐብሊኩ ጦር ከተማዋ ውስጥ ገብቶ በመንግሥቱ ላይ ካመፀው ከጄኔራል ፍራንኮ ወታደሮች ጋር በየመንገዱ ተዋጋ፤ ጉዳቱም ከባድ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ወጣቶች ወደ ቫሌንሲያና ወደ ባርሴሎና እየፈለሱ ብዙ ቤቶች ባዶ ቀሩ። በ1961 በመንግሥት ታሪካዊ ቅርስ ተብላ ብትመዘገብም፣ ምዝገባ ብቻውን የሚያፈስ ጣሪያ አይጠግንም።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው ከ1980ዎቹ ጀምሮ ነው። በዚያ ጊዜ የአካባቢውን ወጣቶች በግንበኝነት፣ በአናጢነትና በጥንታዊው የጀሶ ሥራ እያሠለጠነ ቤቶቹን የሚያስጠግን የሥራ ትምህርት ቤት ተቋቋመ። በ1996 ደግሞ የሳንታ ማሪያ ዴ አልባራሲን ፋውንዴሽን ተመሠርቶ ሥራውን ዘላቂ አደረገው። አካሄዱ ከሌሎች የሚለየው እያንዳንዱን ሕንፃ ጠግኖ አገልግሎት ስለሚሰጠው ነው። የጳጳሱ ቤተ መንግሥት የስብሰባ ማዕከል፣ የሳንታ ማሪያ ቤተ ክርስቲያን የሙዚቃ ማቅረቢያ አዳራሽ፣ ላ ኹሊያኔታም የሠዓሊዎች ማረፊያና መሥሪያ ሆነዋል። ከቅርስ ጥገናው ደመወዝ የሚያገኙት የከተማዋ ሰዎች መሆናቸው ደግሞ ወጣቱን ከስደት ለማስቀረት ረድቷል።

ታሪኳን በቦታው ለማንበብ የሚፈልግ ሰው ከየት ይጀምር?

ብዙዎች ከአደባባዩ ይጀምራሉ። እኔ ግን በቅድሚያ በእግር ወደ አንዳዶር ግንብ እንዲወጣ እመክራለሁ። ይህ ግንብ በሙስሊሞቹ ዘመን ከከተማዋ በላይ ለብቻው የተሠራ የጥበቃ ማማ ሲሆን፣ በኋላ ቅጥሩ ሽቅብ ተቀጥሎ ከከተማዋ ጋር አገናኝቶታል። መውጫው ቀጥ ያለ ስለሆነ ጠንካራ ጫማ ያስፈልጋል። ከላይ ሆኖ ወደ ታች የሚመለከት ሰው ወንዙ የሚዞርበትን ገደል፣ የበኑ ራዚን ቤተ መንግሥት የነበረበትን ቋጥኝ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አብዛኛው እንደገና የተሠራውን የሳልቫዶር ካቴድራልና በከተማዋ ጫፍ ለብቻዋ የቆመችውን የሳንታ ማሪያ ቤተ ክርስቲያን በአንድ እይታ ያገኛቸዋል። የ12 ዓመቱ ንጉሥ ለምን እንደተመለሰ ከዚያ ቦታ ሆኖ መረዳት ቀላል ነው።